የእናታችን አበባ አተር

ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ እውነት ነው። ከሆነው ነገር ላይ አንዲት ስንዝር ጨምሬ ብገኝ ምላሴ ለሁለት ይሰንጠቅ፤ ሁለት ካነሰ ለአራት። ሰፈርተኛው «ማጉያው» እያለ የሚጠራኝ በምቀኝነት ነው። ሥራዬ የሱቅ ማስታወቂያ መሳል ነው። ዳቦ ሳልልኝ ላለኝ ሰው ዳቦውን የጋሪ ጎማ አሳክዬ የምስልለት፣ ገበያተኛ ከሩቅ እንዲያየው ብዬ እንጂ ውሸት ወድጄ አይደለም። ይህኛው ታሪክ ግን በልኩ የተሰፋ ነው፤ የትም ቦታ አይሰፋም፣ የትም አይጠብም።

እናታችን ለእኔና ለታላቅ እህቴ ያወረሰችን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አበባ አተር። የሚበላው አተር እንዳይመስላችሁ፤ ይህኛውን የበላ ሆዱን ይዞ ይተኛል። ለአበባውና ለሽታው ብቻ የሚዘራ፣ ሲባጎ ካገኘ እየተጠማዘዘ የሚወጣ ሐረግ ነው። አበባው ሐምራዊም ነጭም አለው፤ ነፋስ ሲነካው ቢራቢሮ ያረፈበት ይመስላል። ሽታውን ልግለጽላችሁ ብል ግን ቀኑ ይመሽብናል።

እታለም፣ ማለት ታላቅ እህቴ፣ በየዓመቱ እየዘራች፣ ዘሩን እየለቀመች፣ መልሳ እየዘራች አቆየችው። በኋላ ዓይኗ ደከመ። ብርሃንና ጥላ ትለያለች እንጂ ፊት አትለይም። ያን ጊዜ ቤቷን ለቃ እኔ ጋ ገባች። እኔ ጓሮ አለኝ። ጓሮዬ ፈረስ ያስጋልባል። ደህና፣ አህያ ያስጋልባል።

አንድ ቀን ትንሽ የመድኃኒት ብልቃጥ አምጥታ መዳፌ ላይ አስቀመጠች። ውስጡ ክብ ክብ፣ ጠቆር ያለ ዘር ነበር።

«ያለው ይኸው ነው» አለችኝ። «ሌላ ቦታ የለም። የእማዬን ፊት ረስቼዋለሁ። እሷን የማገኛት በዚህ ሽታ ብቻ ነው።»

«እታለም፣ አንቺ ቁጭ በይ። ጫካ ነው የማበቅልልሽ!»

«ጫካ አልፈልግም፤ አንድ መስመር ይበቃኛል። አሁን ስማኝ። የዘሩ ቆዳ ጠንካራ ነው። ከዓይኑ በተቃራኒ በኩል በጥፍር መቁረጫ ጫር አድርገው። ከዚያ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ይደር። ለብ ያለ ነው ያልኩህ፤ የሕፃን ገላ የሚታጠብበት ዓይነት። ሲያብብ ሳትሳሳ ቁረጥ፤ በቆረጥከው ቁጥር ይጨምራል። እሸት ከያዘ ግን ‹ወልጃለሁ፣ ከዚህ በኋላ ምን ያስጌጠኛል› ብሎ ማበቡን ይተዋል። ወደ መጨረሻው ላይ ከታች ያሉትን ለዘር ተዋቸው።»

«ይሄ ሁሉ ምክር ለእኔ ነው?»

«ለአንተ ነው እንጂ። አንተን አይደል የማውቀው?»

እንዳለችኝ አደረግሁ። ጫርኩ፣ ዘፈዘፍኩ፣ ዘራሁ። የሌላ ሰው ዘር ይበቅላል፤ የእኔ ግን መሬቱን በጡንቻ ከፍቶ ወጣ። ጆሮዬን አፈሩ ላይ ስለጥፍ ሲገፋፋ እሰማው ነበር። ጥቂት ቅጠል ሲያወጣ ጫፉን ቀነጠብኩት፤ እልህ ያዘውና በየጎኑ ፈላ። ሲባጎ ወጠርኩለት። ሲባጎውን ጨርሶ፣ አጥሩን ተሻግሮ፣ የጎረቤቴን የልብስ ገመድ ያዘ።

ጎረቤቴ ጡረታ የወጣ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ነው። የታጠበ ሸሚዙን ሊያወርድ ቢወጣ እጅጌው አብቦ አገኘው።

«አንተ ማጉያ! ና ሸሚዜን ልቀቅ!»

«እኔ ምን አደረግሁህ? አንተ ነህ የአበባ መንገድ ላይ ያሰጣኸው!»

«በዚህ ዕድሜዬ አበባ ለብሼ ልዙርልህ?»

«ዕድሜህን ሙሉ ጭስ ጭስ ስትሸት ኖርክ፤ አሁን ትንሽ ጥሩ ነገር ብትሸት ማን ይሞታል?»

ተሳደበ፣ ተሳደበ፤ ከዚያ ሸሚዙን እንዳበበ ለበሰው። በበራችን የሚያልፈው የአውቶቡስ ሾፌር መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ቀስ ይል ነበር፤ ተሳፋሪው ሽታው አፍዝዞት መውረጃውን እያለፈ ስንት ሰው ከሥራ እንደቀረ እሱ ይቁጠረው። ስለ ንቦቹ አልናገርም። ብናገር አታምኑኝም።

በየጠዋቱ አንድ እቅፍ ቆርጬ፣ ብርጭቆ ውስጥ አድርጌ፣ እታለም መስኮት ላይ አስቀምጣለሁ። ፊቷን ታስጠጋለች። ረጅም ትንፋሽ ትስብና «እማዬ ገባች» ትላለች። እኔ፣ ጺሜ የሸበተ ሰውዬ፣ ሮጬ ጓሮ ገብቼ ሐረጉ ሥር አለቅሳለሁ። ያን ዓመት ያን አትክልት ውሃ ያጠጣሁት በባልዲ ብቻ እንዳይመስላችሁ።

ጥፋቱም የገባው በዚሁ በር ነው። «እማዬ ገባች» የምትለው ነገር ጣመኝ። ጠዋት ብቻ የነበረው ለምሳ ሰዓትም ሆነ፤ ከዚያ ለማታም። የቆረጥኩት ሲያንሰኝ ጨመርኩ፣ ስጨምር እሱም ጨመረ። ከላይ ያለውን ጨርሼ ወደ መሐል፣ ከመሐል ወደ ታች ወረድኩ። የታችኞቹ ለዘር የተባሉት ናቸው፤ ጠፍቶኝ አይደለም። «ነገ ሌላ ያብባል፤ እሱን እተወዋለሁ» እላለሁ። በነጋታው ያብባል። እኔም እቆርጠዋለሁ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለላት ሴትዮ ከእኔ ጋር ብትወዳደር ቆጣቢ ናት።

ፀሐይ በረታ። ሐረጉ ከሥሩ ጀምሮ ቢጫ ሆነ፣ ከዚያ ገለባ። ተንበርክኬ ከአፈሩ እስከ ሲባጎው ጫፍ ድረስ በጣቴ ፈለግሁ። አንዲት እሸት፣ አንዲት እንኳ የለችም። እታለም በመስኮቷ በኩል ድምፄን ሰምታ ኖሮ «ለዘር ስንት ተውክልኝ?» አለችኝ።  ሌላው ሰው በስስቱ ይከስራል፤ እኔ በቸርነቴ ከሰርኩ። እናታችን ከቤታችን ለሁለተኛ ጊዜ የወጣችው በእኔ እጅ ነው። ዛሬም ሐረጉ የነበረበት ጥግ ጋ ስደርስ መንገዴን አዙሬ በወዲያኛው በኩል እሄዳለሁ።

ይህን ጽፌ እንደጨረስኩ ለእታለም አነበብኩላት። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ የታጠቡ ካልሲዎችን በጣቷ እየዳሰሰች ታጣምር ነበር። እስከ መጨረሻው አላቋረጠችኝም።

«ጥሩ ጽፈሃል» አለችኝ። «የሸሚዙ አሳቀኝ።»

«እውነት ነዋ!»

«የኔ ወንድም» አለች፣ ድምጿን ሳታነሳ። «አልበቀለም እኮ።»

ወረቀቱን አጥፌ አስቀመጥኩ። እሷ ቀጠለች።

«ዘሩን በዘፈዘፍክ ማታ ማንቆርቆሪያው ሲጮህ ሰምቼ ማድቤቱ በር ላይ ቆሜ ነበር። ‹በለብታው ከበቀለ በትኩሱማ ይሮጣል› እያልክ ለብቻህ ታወራለህ። የፈላውን ገለበጥክበት። የተቀቀለ አተር ሸተተኝ። ያኔውኑ አወቅሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ካለቀ በኋላ ምን ልበልህ? አፈሩን ስትቆፍር ደግሞ ታፏጭ ነበር።»

«አበባውስ? በየጠዋቱ የማመጣልሽ?»

«ሆስፒታሉ በር ላይ ከምትሸጠው ሴትዮ ነው። ግንዱ ላይ የታሰረበት የላስቲክ ምልክት አለ፤ እጄ ያያል። ሽታው የባልዲ ውሃ ነው። ‹እማዬ ገባች› ብዬህም አላውቅም። ‹አመሰግናለሁ› ነው ያልኩህ።»

አንድ ካልሲ አንስታ ጥንዱን ፈለገች፤ ስታጣው ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

«አንተ ምን ታደርግ» አለች። «እኔ ነኝ። እያወቅሁህ ብልቃጡን ሙሉውን ሰጠሁህ። ግማሹን ማስቀረት ነበረብኝ።»