ከምንጣፉ የወጡት ሦስት ድምፆች

በሥራ ክፍላችን አንድ ሕግ ነበረን፤ ልጅ አይሳሳትም። ለሕፃናት የምንሠራው ምንጣፍ ስምንት ካሬዎች አሉት፤ እያንዳንዱ ሲረገጥ የራሱን ድምፅ ይሰጣል። ምንጣፉ አንድ ድምፅ ያሰማል፤ ልጁም ያ ድምፅ የትኛው ካሬ ላይ እንደሆነ ፈልጎ ይረግጣል። ልጅ ያልመለሰለት ድምፅ ከምንጣፉ ይወጣል። ጥፋቱ የእኛ እንጂ የልጁ አይደለም ብለን ነው።

የምትሞክርልን የእህቴ ልጅ ናት፤ አምስት ዓመቷ። መዝለል ስለማይሰለቻት ፌንጣ እንላታለን። እኔ ሙዚቃ ተምሬ አላውቅም፤ ከልምድ ያገኘሁት ሥራዬ ጥግ ይዞ መስማት ነው።

በሁለት ወር ሦስት ድምፅ አወጣን። መጀመሪያ ቀጭኑን ደወል፣ ቀጥሎ ከሱ ዝቅ የሚለውን፣ ከዚያም ሌላ። በየቦታቸው ወፍራም ድምፅ ተካን። ፌንጣ ስታጨበጭብ ድምፆቹን የሚገጥመው መሐንዲስ፣ "አየህ፣ አለቃችን ወደደችው!" ይላል።

ሐሙስ ከሰዓት ምንጣፉን ከዳር እስከ ዳር ረገጥኩት። በርሜል ውስጥ ሆኖ የሚያወራ ሰው ይመስላል።

"ይሄ ለሕፃን ነው ለበሬ?" አልኩት መሐንዲሱን።

"አንተው አይደለህ እንዴ አውጣው አውጣው ያልከኝ?" ብሎኝ ወደ ጓዳው ገባ።

እውነቱን ነው። መጀመሪያ ያወጣነውን ደወል ወደ ምንጣፉ መለስኩና ረገጥኩት። ፌንጣ ጀርባዋን ሰጥታኝ ካልሲዋን ትስባለች። ደገምኩት። መሐንዲሱ ከጓዳ፣ "ኧረ ጆሮዬን!" ብሎ ጮኸ። እሷ ካልሲዋን ትስባለች።

አምላኬ ሆይ አልኩ።

እህቴ ልትወስዳት ስትመጣ ነገርኳት። ሳቀችብኝ።

"አንተ ደግሞ! ከረሜላ ሲባል ጎረቤት ሆና ትሰማ የለ!"

"ወፍራሙንማ ትሰማለች። ቀጭኑን ነው።"

"ስጠራት ትመጣለች እኮ፣ ወንድሜ!"

"እስቲ ከኋላዋ ሁኚና ርገጪው።"

ጫማዋን አወለቀች። መጀመሪያ ቀስ ብላ፣ ቀጥላ በኃይል ረገጠችው። ፌንጣ የመስኮቱን መስታወት በትንፋሿ እያደበዘዘች በጣቷ ትሥላለች። እህቴ ሦስተኛ አልረገጠችም።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"እኛ ጋ ሁለት ወር ሆነው። ከዚያ በፊት አላውቅም።"

"ሁለት ወር ሙሉ እዚሁ ተቀምጠህ ስትሰማ?"

"እኔ የምሰማው ምንጣፉን ነበር።"

ዞራ ልጇ ፊት ተንበረከከችና፣ "ነይ እናቴ፣ ሐኪም ጋ ደርሰን እንመጣለን" አለቻት።

"አጎቴም ይመጣል?"

እህቴ ፊቷን ወደ እኔ ሳትመልስ፣ "ቦርሳዋን ያዝ" አለችኝ።

ያዝኩ።