ፕሪንተሩ እስኪመልስ

እናቷ ያወጣችላት ስም «ችካል» ነው። ሰባት ዓመቷ ሳለ ጎረቤት ሄዳ ወንፊት እንድታመጣ ተልካ፣ በሩን ዝግ ብታገኘው ደጁ ላይ ተተክላ ቀረች። አንኳኳች፣ ጠበቀች፤ አንኳኳች፣ ጠበቀች። ባለቤቶቹ ለካ ገበያ ሄደዋል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እናቷ ልትፈልጋት መጥታ፣ «ተመልሰሽ የሉም አትዪኝም?» ብትላት፣ «ይከፍታሉ ብዬ ነዋ» አለች። ከዚያ ወዲህ ቤተሰቡ በሙሉ ችካል ይላታል። አሁን ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ የኮምፒውተር ፕሮግራም ትጽፋለች፤ እናቷ ግን በአፍንጫዋ የኦክስጅን ቱቦ ገብቶላትም ቢሆን ያው ችካሌ ነው የምትላት።

«ችካሌ፣ እጄን አትልቀቂ። እንቅልፍ ሊወስደኝ ነው።»

«አለሁ እማ።»

እናቷ የሐሞት ጠጠር ወጥቶላት ሦስተኛ ቀኗ ነው። የሴቶቹ ክፍል በአንድ ረጅም ኮሪደር ግራና ቀኝ ያሉ ስድስት ክፍሎች ናቸው፤ በእያንዳንዱ ሁለት ሁለት አልጋ። እናቷ አራት ቁጥር አልጋ ላይ ናት። ከፊት ለፊት ያለችው ሰባት ቁጥር ጡረታ የወጣች መምህር ስትሆን፣ ሁሉም «ቲቸር» ይሏታል። ጠዋት የሴረም መስቀያዋን እየገፋች መጥታ ልጅቷን ከላይ እስከ ታች አየቻትና፣ «ቀጥ ብለሽ ተቀመጪ፤ ኮምፒውተር እንደ ቅንፍ ነው ያጎበጠሽ» ብላ እናትየዋን ስፌቷ እስኪያማት አስቃት ነበር።

ከምሳ በኋላ ከሰባት እስከ ስምንት ሰዓት የዕረፍት ሰዓት ነው። መጋረጃ ይዘጋል፤ ጠያቂ ሁሉ ይወጣል። ልጅቷ ግን ድምፅ ስለማታሰማ ማንም ልብ አላላትም። በክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የእናቷ ትንፋሽ ብቻ ነበር። ከአልጋው ራስጌ ያለው ትንሽ ሞኒተር ቁጥሩን ያሳያል እንጂ አይጮኽም። ድምፁ ከተዘጋ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ሕመምተኞቹ እንዲያርፉ ተብሎ፣ ከአሥራ ሁለቱም አልጋ ጥሪው በኬብል ሄዶ ነርሶቹ ፊት ያለው ስክሪን ላይ እንዲወጣ ተደርጓል። ይህን ያደረገው ፕሮግራም የተጻፈው በእሷ እጅ ነው። ለእናቷ አልነገረቻትም፤ ስለ ራሷ ሥራ ማውራት ያሳፍራታል።

ቀና ስትል ሞኒተሩ ሰማንያ ሰባት ይላል።

የደም ኦክስጅኑ ከዘጠና ሲወርድ ፕሮግራሙ ሃያ ሰከንድ ይታገሣል፣ ከዚያ ስክሪኑ ላይ ቀይ ይበራል፣ ነርስ ትመጣለች። ቁጥሩን ራሷ ነች የጻፈችው። ስለዚህ ጠበቀች። የእናቷን ጣት የነከሰውን ክሊፕ አስተካከለች፤ ያው ሰማንያ ሰባት። በሩን አየች። ኮሪደሩ ላይ የጫማ ኮቴ የለም። አንድ ደቂቃ ሆነ። ሰማንያ ስድስት። የእናቷ ከንፈር ዳር ዳሩን አመድ መስሏል። ሁለት ደቂቃ። ይመጣሉ፣ አለች በልቧ፤ ያን ያለችበት ድምፅ ግን የሰባት ዓመቷ ልጅ ድምፅ ነበር። እጇን ከእናቷ እጅ ቀስ ብላ አስለቀቀች።

ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ዋናዋ ነርስ ካርድ ትሞላለች፤ ወጣቷ ነርስ ፋሻ ትጠቀልላለች። በሁለቱ መካከል ትልቁ ስክሪን አሥራ ሁለት ሣጥን፣ አሥራ ሁለቱም አረንጓዴ።

«ሲስተር፣ አራት ቁጥር ሰማንያ ስድስት ገብቷል።»

ዋናዋ ነርስ ቀና ሳትል በእስክሪብቶዋ ወደ ስክሪኑ ጠቆመች። «ዘጠና ስድስት ይላል እኮ የኔ እመቤት። አንቺስ በዕረፍት ሰዓት እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

ልጅቷ ስክሪኑን አየች። የአራት ቁጥር ዘጠና ስድስት አይነቃነቅም። የጤነኛ ሰው ቁጥር እንኳ ዘጠና ስድስት፣ ዘጠና ሰባት እያለ ይንቀሳቀሳል። ይሄ ግን ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ ፎቶግራፍ ነው። ጥጉ ላይ ያለው ሰዓት ሰባት ከሃያ ሁለት ይላል። ስልኳን አወጣች፤ ሰባት ከአርባ አንድ።

«ሰዓቱን ይዩት» አለች። «ሲስተር፣ ሰዓቱን። ቆሟል። የምታዩት የቅድሙን ነው።»

ወጣቷ ነርስ ሳቅ አለች። «በዕረፍት ሰዓት እኮ ሁሌም እንዲህ ነው። ይተኛል።»

«ሁሌም?»

«እንትን ነው… ሰላም ነው ማለቴ ነው። ማንም አይጠራንም።»

ልጅቷ ጠረጴዛውን ያዘች። «እባካችሁ፣ አሥራ ሁለቱንም በዓይናችሁ እዩአቸው። አሁኑኑ። ስክሪኑ አያይም።»

ዋናዋ ነርስ የዚያን ጊዜ ነው ቀና ያለችው። የግድግዳውን ሰዓት አየች፣ የስክሪኑን አየች። ሌላ ጥያቄ አልጠየቀችም። «አንቺ ከአንድ እስከ ስድስት፤ ከአራት ጀምሪ» አለቻት ወጣቷን። እሷም ከሰባት ልትጀምር ወጣች።

ልጅቷ ወጣቷን ተከትላ ገባች። ወጣቷ የእናትየዋን ራስጌ አነሣች፤ በተጣጠፈው ቱቦ ላይ ትከሻዋ ተኝቶበት ነበር። ቱቦው ሲቃና ፍስስ የሚል ድምፅ ተሰማ። ሰማንያ ስምንት። ዘጠና። እናትየዋ ዓይኗን ገለጠች፣ እጇንም ዘረጋች። «የት ሄድሽ? እዚሁ ሁኚ።»

ዕድሜዋን ሙሉ እዚሁ ሁኚ ስትባል የምትሆን ልጅ ናት። አሁንም እግሮቿ ሊተከሉ ቃጡ። በዚህ መሀል ከሰባት ቁጥር የብረት ሳህን መሬት ላይ ሲወድቅ ተሰማ፤ ዋናዋ ነርስ ነጠላ ጫማዋን እያንሸራተተች ወደ ስልኩ መጣች።

«ቲቸር ናት» አለች፤ ፊቷ ሌላ ሰው ሆኗል። «ከንፈሯ ጠቁሯል። ዶክተሩን።»

«እማ፣ መጣሁ» አለች ልጅቷ። ከአልጋው ጎን የተንጠለጠለውን፣ በስክሪኑ በኩል የማያልፈውን የመጥሪያ ደወል እናቷ እጅ ውስጥ አስጨበጠቻት። «ይሄን ተጫኚው፤ ስሰማ እመጣለሁ።»

ዋናዋ ነርስ የስልኩን እጀታ ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ቆማለች። በክፍሉ ሕግ ሐኪም የጠራ ሰው እስኪያነሣለት ድረስ ከስልኩ አይለይም፤ ያነሣበትን ደቂቃም ራሱ ይጽፋል። ይጠራል። ይጠራል። ዓይኗ ሰባት ቁጥር በር ላይ ነው፣ እግሯ ግን ስልኩ ጋ። ልጅቷ ያን አቋቋም አወቀችው። የገዛ ራሷ አቋቋም ነው፤ ከዚያም አልፎ የጻፈችው ነገር አቋቋም ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ፕሮግራሙን ስትሠራ የያኔዋ የክፍሉ ኃላፊ፣ ዛሬ ጡረታ ወጥታለች፣ «በወረቀት ያልወጣ ጥሪ በስክሪን እንዳይታየኝ፤ ነገ አየሁ አላየሁም ብሎ የሚከራከር ሰው አልፈልግም» ብላ ድርቅ አለች። ልጅቷ እምቢ ማለት አፈረች። ስለዚህ ፕሮግራሙ እንደ አንድ ታማኝ ተላላኪ ሆነ። አንድ አልጋ ሲጣራ መልእክቱን ይዞ ፕሪንተሩ ዘንድ ይሄዳል፤ ፕሪንተሩ «አተምሁ» እስኪለው እዚያው ይቆማል፤ ከተባለ በኋላ ተመልሶ ስክሪኑን ቀይ ያደርጋል፣ የሚቀጥለውንም ይሰማል። ፕሪንተሩ ካልመለሰ ይቆማል። አይወድቅም፣ ስህተት አለ አይልም፣ አያጉረመርምም። ሌሎቹ አሥራ አንድ አልጋዎች ከኋላው ቢጮኹ አይሰማም።

ሌላ መንገድ ነበረ። ወረቀቱን አስረክቦ፣ ሲያልቅ ጥራኝ ብሎ፣ ወዲያው ወደ አልጋዎቹ መመለስ። የሁለት ቀን ተጨማሪ ሥራ ነው። ነገር ሁሉ ስለሚያዘገይ ፍሬን የሚሉት የሥራ ባልደረባዋ ያን ጊዜ ከኋላዋ ቆሞ ኮዱን አንብቦ፣ «ፕሪንተሩ ባይመልስስ?» አላት። «ይመልሳል» አለችው። የእሷ ጠረጴዛ ላይ ያለው ሁልጊዜ ይመልስ ነበር። እሱን ዝም ለማሰኘት ከመስመሩ አጠገብ «በኋላ ይስተካከላል» ብላ ጻፈች።

ስልኩ አሁንም ይጠራል። ኮሪደሩን የምትጠርገው ሴት መጥረጊያዋን ደረቷ ላይ አስደግፋ በድንጋጤ ታያቸዋለች። ልጅቷ የስልኩን እጀታ ከዋናዋ ነርስ እጅ ወሰደች። ከማታውቀው ሰው እጅ ነገር ስትወስድ የመጀመሪያዋ ነው።

«እናቴ፣ ይሄን ይያዙልኝ» አለቻት ጠራጊዋን። «ሰው ሲያነሣ፣ ሰባት ቁጥር ቶሎ ይምጡ ይበሉ። ከዚያ ሲስተርን ይጥሯት።»

«እኔ? ለዶክተር?»

«እርስዎ።»

ዋናዋ ነርስ አፍታ አመነታች። ሕጉና በሽተኛዋ ፊቷ ላይ ሲታገሉ ታዩ። ከዚያ ሮጠች።

ልጅቷ ከስክሪኑ ሥር ባለው ፕሪንተር ፊት ተንበረከከች። መብራቱ በርቷል፣ ወረቀትም አለው። የወረቀቱ መሳቢያ ግን አንድ ጣት ያህል ወደ ውጭ ተስቧል። አልወደቀም፣ አልተሰበረም፤ ሰው ነው የሳበው።

ወጣቷ ነርስ ከስድስት ቁጥር ወጥታ ከኋላዋ ቆመች። «ከአንድ እስከ ስድስት ደኅና ናቸው» አለች እያለከለከች። ልጅቷ የምታየውን ስታይ ድምፅዋ ወረደ። «ሲያትም እንደ መጋዝ ነው የሚጮኸው። ይቀሰቅሳቸዋል። በዕረፍት ሰዓት ሳብ እናደርገውና ስምንት ሰዓት ላይ እንመልሰዋለን። ወረቀቱ አንድ ላይ ይወጣል፣ እንፈርማለን። ሁላችንም እንዲህ ነው የምናደርገው።»

ልጅቷ መሳቢያውን ገፋችው።

ፕሪንተሩ እንደ መጋዝ ጮኸ። የመጀመሪያው ቁራጭ ወረቀት ወጣ፤ ሰባት ቁጥር፣ ሰባት ከሃያ ሁለት። ስክሪኑ ላይ ሰባት ቁጥር ቀላ፤ ከሃያ ደቂቃ በፊት የነበረው ቅላት ነው። ሁለተኛው፣ ሰባት ቁጥር። ሦስተኛው፣ ሰባት ቁጥር። ሴትዮዋ በየሁለት ደቂቃው ስትጣራ ነበር። ስክሪኑ ያለፈውን በጥድፊያ ሲያሳይ፣ ቁጥሯ ከሰማንያ ስምንት ወደ ሰማንያ፣ ከሰማንያ ወደ ሰባ አንድ ሲወርድ ልጅቷ ቆማ አየች። ወደ መጨረሻው ላይ አራት ቁጥር፣ ሰባት ከሠላሳ ዘጠኝ። እናቷ ተራዋን ጠብቃ ኖሯል።

«አነሣ!» አለች ጠራጊዋ።

ዶክተሩ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ መጣ። የሰባት ቁጥር በር ተዘጋ። ልጅቷ እናቷ ጋ ተመለሰች፤ ቁጥሩ ዘጠና አራት ነው። ወጣቷ ነርስ በየአልጋው እየዞረች የሞኒተሮቹን ድምፅ ከፈተች፤ ኮሪደሩ በጢጥ ጢጥ ድምፅ ተሞላ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ቲቸርን በተሽከርካሪ አልጋ ወደ ላይኛው ፎቅ ሲወስዷት ጭንብሉ በትንፋሿ ይደበዝዛል፣ ይጠራል። ዶክተሩ፣ «አምስት ደቂቃ ቢጨምር…» ብሎ አልጨረሰውም።

«ስሄድ ደነገጥሽ?» አለቻት እናቷን።

«ችካሌ ተነቀለች አልኩ» አለች እናትየዋ እንቅልፍ እየጎተታት። «እጅሽ ምነው እንዲህ ቀዘቀዘ?»

ልጅቷ ብርድ ልብሱን እስከ ትከሻዋ ሳበችላትና ወጣች።

ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ዋናዋ ነርስ የፕሪንተሩን መሳቢያ በፕላስተር ስትለጥፍ አገኘቻት። «የትኛው ሰው ነው» አለች፣ «ፕሪንተር ቢዘጋ በሽተኛ የማይሰማ ዕቃ የሚሠራው?»

ማንም አያውቃትም። ዝም ብላ የአራት ቁጥር ልጅ ሆና መቅረት ትችል ነበር።

«እኔ ነኝ» አለች።

ዋናዋ ነርስ ዞር ብላ አየቻት። «እኛ ደግሞ ሳብነው» አለች።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«አሥራ አራት ወር ይሆናል።»

ከቁም ሣጥኑ በላይ የካርቶን ሣጥን ነበረ። ዋናዋ ነርስ አወረደችው። የየቀኑ ቁራጭ ወረቀት በስቴፕለር ተያይዞ ተቀምጧል። በፕሪንተር የታተመው ሰዓት ከላይ፣ በእጅ የተጻፈው ፊርማና ሰዓት ከታች። ሁለቱ ሴቶች ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ልጅቷ የመጀመሪያውን ጥቅል አወጣች።

ዘጠኝ ቁጥር፣ ሰባት ከአሥራ ሁለት። ዘጠኝ ቁጥር፣ ሰባት ከአሥራ አራት። ዘጠኝ ቁጥር፣ ሰባት ከአሥራ ስድስት። ፊርማው ስምንት ከሁለት ይላል። የማግስቱን ጥቅል ገለበጠች፣ የሚቀጥለውንም። ዘጠኝ ቁጥር የለም።

«ድና ወደ ቤቷ ሄዳ ይሆናል» አለች ዋናዋ ነርስ።

«ይሆናል።»

ዋናዋ ነርስ ድና የወጣችም የሞተችም የሚጻፉበትን የመውጫ መዝገብ ከመሳቢያ አወጣች፤ ቀኑን ፈለገች፤ ጣቷን ከላይ ጀምራ በስሞቹ ላይ ቀስ ብላ ታወርድ ጀመር። ልጅቷ ጣቷን ትከተላለች። ከኋላቸው አሥራ አንድ ሞኒተሮች ጢጥ ይላሉ። ጣቷ መሀል ላይ፣ ዘጠኝ ቁጥር ከሚለው ጎን ቆመ።