የጠዋቱ ገጽ

«ረፍዶብኛል አለኝ» አለ ፊደል ለቃሚው፣ ስኒውን ጉልበቱ ላይ እንዳስደገፈ። «እኔ ደግሞ ሳቅሁ። ቀልዱ መሰለኝ።»

ከጎረቤት በተዋሱት ወንበሮች በተጨናነቀው ሳሎን ለቀስተኞቹ ወደ እሱ ዞሩ። ፊደል ለቃሚው ከሟቹ ጋር አንድ ማተሚያ ቤት ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሠርቷል፤ እሱ ፊደል ሲለቅም፣ ሟቹ ስህተት ሲያርም።

«በድሮው ማተሚያ ቤታችን መንገድ ነው ያገኘሁት፤ ቀይ እስክሪብቶውን ደረት ኪሱ ላይ ሰክቷል። በጠዋት የት ነው ስለው፣ ረፍዶብኛል ብሎኝ በአጠገቤ አለፈ። ከዚያ ትንሽ ቆይቶ ነው እንግዲህ መኪናው...» ስኒውን ወለሉ ላይ አስቀመጠ።

«ግን እዚያ ምን ሊሠሩ ሄዱ?» አለች አንዲት ጎረቤት፣ ሦስት ቀን ሙሉ ሲጠየቅ የሰነበተውን። «ጡረታ ከወጡ ስድስት ዓመታቸው። ማተሚያ ቤቱም እንደሆነ ከተዘጋ ቆየ።»

«ናፍቆት ነው» አለ አንዱ።

«እግር የለመደውን አይተውም» አለ ሌላው፤ ሰዎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰው ምክንያት ካገኘ ሻዩን ተረጋግቶ ይጠጣል።

የሟቹ ልጅ ቴርሞሱን ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። በናፍቆቱ አላመነም። አባቱ ለናፍቆት ብሎ መንገድ ሳያይ የሚሻገር ሰው አልነበረም። ጽሑፍ ውስጥ የጎደለ አንድ ነጥብ ሌሊቱን ሙሉ የሚያባንነው ሰው፣ እንዴት መኪና ሳያይ ይቀራል? ሦስት ቀን ይህንን ሲያወጣ ሲያወርድ ነበር።

«ልጄ» አለች እናቱ ከሶፋው ጥግ። «ለመታሰቢያው ወረቀት ፎቶ ይፈልጋሉ። እዚያ ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው። ፈልግላቸው።»

ድምፅዋ ሰልሏል። ሌሎቹ ከልቅሶው ብዛት መስሏቸው ነበር፤ ልጁ ግን ሌላም ነገር እንዳለ ያውቃል። ትናንት ኩሽና ውስጥ ስኒ ሲያጥቡ በሹክሹክታ ነግራዋለች።

«አባትህ ተቀይሞኝ ነው የሄደው።»

«ምን ማለትሽ ነው እማዬ?»

«አርባ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ደህና አደርሽ ሳይለኝ ቀርቶ አያውቅም። ተጣልተን ባደርንበት ቀን እንኳን። በመጨረሻው ወር ግን አንድም ቀን አላለኝም። ኩሽና ይመጣል፣ ያየኛል፣ ዝም ይላል። እንደ እንግዳ ነው የሚያየኝ። ምን እንዳጠፋሁ ሳልጠይቀው...» ስኒውን አስቀምጣ በእጇ ጀርባ ዓይኗን ጠረገች። «ምን አድርጌው ነው አንተ?»

ልጁ የያዘውን ስኒ አስቀመጠ። አቅፏት ቆየ፤ ከዚያ ስኒዎቹን ማጠቡን ቀጠለ።

አሁን ወደ አባቱ ትንሽ ክፍል ገብቶ በሩን ገርበብ አደረገና ኮምፒውተሩን አበራ። አሮጌዋ ማሽን በአርባ ሰከንድ ተነሣች።

ከአምስት ሳምንት በፊት ይህ አሥራ አንድ ደቂቃ ይፈጅ ነበር። አባቱ በየማለዳው ቁልፉን ተጭኖ፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይቀመጥና ይጠብቃል። እናቱ «አሮጊቷ ሳትነሣ እሱም አይነሣም» እያለች ትስቅበታለች። ልጁ ግን ሥራው ኮምፒውተር ጥገና ነው፤ ያፍርበት ነበር። የጠጋኝ አባት እንዲህ ባለ ማሽን ይሠራል ቢባል ደንበኛ ምን ይላል?

«ተዋት እባክህ» ብሎት ነበር አባቱ ያን ቀን። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

«አባዬ፣ ይቺ እኮ እንቁላል ሆና ልትቀር ነው።»

ተሳሳቁ። ልጁ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠና፣ ማሽኑ ሲነሣ አብረው እንዲነሡ የታዘዙትን ፕሮግራሞች ዝርዝር አወጣ። ጉድ ነው! ከተጣለ ዓመታት ያለፈውን ፕሪንተር የሚፈልግ አንድ ፕሮግራም አለ። እርስ በርስ የሚናከሱ ሁለት ጸረ ቫይረሶች አሉ። መጨረሻ ላይ ደግሞ በራሳቸው የሚከፈቱ፣ ከቁጥር ሌላ ስም የሌላቸው ሰባት ገጾች ተደርድረዋል። ሁሉንም አንድ በአንድ ከዝርዝሩ አጠፋቸው፤ በቦታቸው ቢኖሩም ከእንግዲህ በራሳቸው አይከፈቱም።

በሱቁ ውስጥ አንድ ሕግ አለው፤ የደንበኛን ነገር ባለቤቱን ሳይጠይቅ አይነካም። ለማያውቀው ሰው «ይሄ ይጠቅምዎታል ወይ?» እያለ ሲጠይቅ ይውላል። አባቱን አልጠየቀም። ለአባት ማን እንዲህ ይላል?

ወደ ገጾቹ ሲደርስ አባቱ እጁን ከፍ አድርጎ ነበር።

«እነዚያ...»

«ምን አባዬ?»

አባቱ ትንሽ አየው። ከዚያ እጁን መልሶ ጉልበቱ ላይ አደረገ። «ምንም። ሥራህን ሥራ።»

ማሽኑን አጥፍቶ ሲያበራው አርባ ሰከንድ ፈጀ። እናቱ አጨበጨበች። አባቱም «ፈጠነች፣ ተባረክ» አለው፣ ግንባሩንም ሳመው። ልጁ እየተኩራራ ወደ ሱቁ ተመለሰ።

ፎቶው ፎቶ በሚቀመጥበት ቦታ የለም። አባቱ ነገሮችን የሚያስቀምጠው በራሱ ሥርዓት ነው። አንዱን ማህደር ሲዘጋ፣ ሌላውን ሲከፍት፣ ሰባቱን ቁጥሮች አገኛቸው። ፎቶው ምናልባት ከአንዱ ጋር ይኖራል ብሎ አንደኛውን ከፈተ። ፊደሉ ለደካማ ዓይን እንዲሆን በጣም ተልቋል።

«ደህና አደርክ። ይህን የጻፍከው ራስህ ነህ፤ አትደንግጥ።

ዛሬ ሥራ የለም። ጡረታ ከወጣህ ስድስት ዓመት ሆኖሃል። ማተሚያ ቤቱ ተዘግቷል፤ አትሂድ።

ኩሽና ያለችው ሴት ሚስትህ ናት። ገብተህ ደህና አደርሽ በላት።

ልጅህ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው። እየረሳህ መሆንህን እንዳያውቅብህ። የራሱ ጣጣ ይበቃዋል።»

አንድም የፊደል ስህተት የለበትም። ሌሎቹን ስድስቱንም ከፈታቸው፤ የጎረቤቶቹ ስም፣ የምድጃው አጠፋፍ፣ የመድኃኒቱ ሰዓት። ስልክ ትዝ አለው፤ አምና ነበር። «ሲነሣ አንድ ገጽ በራሱ እንዲከፈት ማድረግ ይቻላል ወይ?» ብሎ አባቱ ደውሎ ነበር። እሱም ደንበኛ ቆሞበት ስለነበር በሁለት ደቂቃ አሳይቶ ስልኩን ዘጋ። ለምን እንደፈለገው አልጠየቀም። ገጾቹን ያጠፋ ቀንም አልጠየቀም።

አባቱ የገዛ ትዝታው አንድ በአንድ ሲጠፋበት አጠገቡ ተቀምጦ አይቷል። ዝም ያለውም ለእሱ ሲል ነው። ልጁ አፉን በሁለት እጁ አፈነ። ከሳሎኑ የስኒ ድምፅ ይሰማል፤ አዲስ የመጡ ሰዎች «ያጽናችሁ» እያሉ ይገባሉ።

ገጾቹን መሰረዝ ይችላል። አርባ ሰከንድም አይፈጅም። ሰዉ ናፍቆት ነው ብሎ ተቀብሏል፤ ማንም አይጠይቀውም። ግን ይህን ካጠፋ፣ እናቱ ባሏ ተቀይሟት እንደሞተ እያሰበች ዕድሜዋን ትጨርሳለች። ይህን ካሳያት ደግሞ አባቱን መንገድ ላይ ያወጣው ማን እንደሆነ ታውቃለች። ማውዙን እንደያዘ ቀረ።

«ፎቶው ጠፋ እንዴ?» እናቱ በሩን ከፍታ ቆማለች።

«እማዬ፣ ግቢና ዝጊው።»

ፊቱን አይታ ዘጋችው።

«አልተቀየመሽም» አላት። «ረስቶ ነው። አንቺንም፣ ጡረታውንም፣ ሁሉንም እየረሳ ነበር። በየጠዋቱ የሚያስታውሰው ይሄ ገጽ ነበር። እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ትፍጠን ብዬ... ያን ቀን ሥራ የለም የሚለው አጥቶ ነው የሄደው። እኔ ነኝ እማዬ።»

እናቱ ወደ ስክሪኑ ተጠግታ ብዙ ቆየች። መነጽሯ ሳሎን ቀርቷል፤ ከተለቀው ፊደል ግን የተወሰነውን ሳታነብ አልቀረችም።

«ምንድን ነው ብለህ አልጠየቅኸውም?» አለች፣ ሳትዞር።

«አልጠየቅሁትም።»

ልጁ የሚመጣበትን ለመቀበል አንገቱን ደፍቶ ቆመ።

«እኔም አልጠየቅሁትም» አለች በመጨረሻ። «እሱ ዝም ሲለኝ እኔም ኮርቼ ዝም አልኩት። ወር ሙሉ። አንድ ቀን ምን ሆነሃል ብለው ኖሮ...»

የአባቱ ወንበር ላይ ተቀመጠች። «እስቲ አንብብልኝ። ከመጀመሪያው።»

ከጀርባዋ ቆሞ አነበበ። ስለ ሥራው ሲያነብ ድምፁ ተሰበረ፤ አላጣደፈችውም። ኩሽና ያለችው ሴት ሚስትህ ናት የሚለውን አነበበ፤ ደህና አደርሽ በላት የሚለውንም አነበበ።

«ደህና ነኝ» አለች እናቱ ለስክሪኑ፣ ቀስ ብላ። «አንተስ እንዴት አደርክ?»

ትንሽ ጠበቀች። ከዚያ እንባዋን ሳትጠርግ ወደ ወንበሩ ጠርዝ ፈቀቅ አለችና በጎኗ የተረፈውን ቦታ በመዳፏ መታ መታ አደረገችለት። ወንበሩ ለሁለት ሰው አይበቃም፤ ልጁ ግማሽ ጎኑን አሳርፎ አጠገቧ ተቀመጠ።