በሎሚ የታጠቡት አያት

ጨርቁን ስታነሳ የነሐሱ ሰውዬ ግራ ጉንጭ እንደ አዲስ ድስት አበራ። ሙሽራይቱ ደስ ብሏት ሎሚውን ደግማ ስትጨምቅ አሮጊቷ ሞግዚት ከበሩ ላይ ጮኹ።

«ምን አደረግሽ በሞቴ!»

«ቆሻሻውን እኮ ነው ያስለቀቅኩት!»

«የምን ቆሻሻ? የስንት ዘመን ወዙ ነው! አቧራውን እንኳ እትዬ ራሳቸው ናቸው በላባ የሚያራግፉት።»

በእብነ በረድ መቀመጫ ላይ የተተከለው ምስል የአማቷ አያት ነበሩ፤ ከደረታቸው በላይ፣ ከነጢማቸው፣ ከነቁጣቸው። አሁን ግማሽ ፊታቸው እንደ ድሮው ጠቁሯል፣ ግማሹ ያብረቀርቃል። አማትየው ከመጀመሪያውም ይህችን ልጅ አልወደዷትም። እሷም ለማስደሰት ብላ፣ ልትኳል ዓይኗን አጠፋች።

ባሏ ጋ ደወለች። የሆነውንም ነገረችው።

«ያደረገችው ሞግዚቴ ናት እንበል» አለ። «አሳድጋኛለች እኮ፤ እናቴ እሷን ምን ታደርጋታለች?»

አማትየው ምን እንደሚያደርጉ ግን ሙሽራይቱ ታውቃለች። «ዓይኗ ደክሟል፣ ከዚህ ቤት ትውጣልኝ» ብለው ስለ ሞግዚቷ ሲናገሩ በጆሮዋ ሰምታለች። ሞግዚቷ ደግሞ ከዚህ ቤት ሌላ መግቢያ የላቸውም።

«ዝም በይ፣ እኔ ነኝ እላለሁ» አሉ ሞግዚቷ እጇን ይዘው። «ያንቺ ትዳር ገና ለጋ ነው።»

ሙሽራይቱ እንቢ ማለት ነበረባት። አላለችም።

የግቢው በር ተንኳኳ። አማትየው ገቡ፣ ሻርፓቸውን ሳያወልቁ ምስሉ ፊት ቆሙ፣ ጉንጩን በጣታቸው ነኩት። ቢጮኹ ይሻል ነበር።

«ማነው?» አሉ ቀስ ብለው።

«እኔ ነኝ እትዬ። ዓይኔ ነው፣ ቆሻሻ መሰለኝ።»

«አውቄዋለሁ። ነገ ጠዋት ልብስሽን ሸክፊ።»

ሞግዚቷ አንገታቸውን ደፉ። ነገሩ በዚህ አለቀ፤ ሙሽራይቱን ማንም አልጠረጠራትም። እንዲያውም አማትየው ዞር ብለው ሲያዩዋት ፊቷ አመድ መስሏል፤ አሳዘነቻቸው መሰለኝ፣ ክንዷን ያዝ አደረጉ።

«ነይ ቁጭ በይ ልጄ፣ ደንግጠሻል።»

ልጄ! ወደዚህ ቤት ከገባች ጀምሮ ይህን ቃል ስትጠብቅ ነበር። ወንበሩም ተስቦላታል።

አልተቀመጠችም።

«እማዬ» አለች፣ «እሳቸው አይደሉም።»