ከሶኬቱ አጠገብ ያለው በርጩማ

«እማዬ፣ እጅሽን ከሶኬቱ ላይ አንሺ! መሃል ላይ ከተነቀለ ሁሉም ነገር ይበላሻል ተብሏል እኮ!» አለች ፀደይ።

እማማ እጅጋየሁ እጃቸውን አነሱ፤ ከበርጩማቸው ግን አልተነሱም። በርጩማውን እዚያ ያስቀመጡት አስበውበት ነው፤ በልጅ ልጃቸው በፀደይና ከአዲስ አበባ በመጣው የኮምፒውተር ባለሙያ በዳግም መካከል፣ ሶኬቱም እጅ በሚደርስበት።

ሲቀላ ሰፈር ውስጥ እንደ ፀደይ ሱቅ በታይፕ ሳይሆን በኮምፒውተር ለደንበኛ የሚጽፍ ቤት ገና ብርቅ ነው። ዳግም ጠዋት ሲገባ፣ «አዲስ ፕሮግራም እጭንልሻለሁ፤ ማሽኑ እንደ ፈረስ ይሮጣል» ብሎ ነበር። አሁን ፀሐዩ የቆርቆሮውን ጣሪያ ያንጣጣዋል። ማሽኑ ከሆዱ ጥርስ እንደ ማፋጨት ያለ ድምፅ ያሰማል፤ መስታወቱ ላይ ያለችው ሰማያዊ መስመር ከግማሽ ንቅንቅ አላለችም። የሚነካው ሰው ሳይኖር ብቻውን ይጎረጉራል።

«ምን እያደረገ ነው?» አሉ እማማ እጅጋየሁ።

«እየጠበቅን ነው፣ እማማ» አለ ዳግም።

«እኛማ እየጠበቅን ነው። እሱን ነው የጠየቅሁህ።»

«ፍጥነቱን እያስተካከለ ነው።»

«ለመፍጠን ነው እንዲህ የሚንቀራፈፈው?»

ፀደይ ሳቋን በእጇ ሸፈነች፤ ዳግም ስትስቅ አያት። እሳቸው መሳቋንም ማየቱንም አልወደዱም። ሆን ብሎ አዘግይቶት ቢሆንስ? የጎረቤታቸው የካሱ ልጅ የኮበለለችው ሬዲዮ ልጠግን ብሎ ከገባ ሰው ጋር አይደለም?

የባሰው ጭንቀታቸው ግን ሌላ ነው። በዚያ ሣጥን ውስጥ የአቶ ኦይታ ቃል አለ። ሽማግሌው በየገበያው ቀን ከደጋው ከገረሴ እየወረዱ የአባቶቻቸውን የእርቅ ሥርዓት በቃላቸው ሲናገሩ፣ ፀደይ ስትጽፍላቸው ከርማለች። «ልጄ፣ እኔ ስሄድ ይህ ሣጥን ይናገርልኝ» ብለዋት ነበር። የማተሚያው ቀለም በማለቁ ወረቀት ላይ አልወጣም። አሁን ሽማግሌው ታመው ተኝተዋል፤ አንደበታቸውም ተይዟል ይባላል።

«የኔ ልጅ» አሉ ድምፃቸውን አለስልሰው፣ «እኔም መሠረተ ትምህርት አስተምሬያለሁ፤ ብታስረዳኝ አይጠፋኝም። እዚያ ውስጥ ምን ይሠራል?»

ዳግም ወንበሩን አዞረ። «መጀመሪያ የማሽኑን አቅም ይለካል። ከዚያ የተበታተነውን ይሰበስባል፤ ቶሎ ቶሎ የሚፈለገውን ያቀርባል። ልክ ወጥ ቤትዎን ሲያሰናዱ ጨውና በርበሬውን እጅዎ አጠገብ እንደሚያደርጉት። የማያስፈልገውን ደግሞ ያወጣል።»

«የማያስፈልገውን?»

«አሮጌውን።»

«እንደማያስፈልግ ማን ነገረው?»

ዳግም አፉን ከፈተ፤ ከእሱ በፊት ግን ማሽኑ ጢጥ አለ። መስታወቱ ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ጥያቄ ብቅ አለ።

«ይኸው፣ ይጠይቃል እኮ!» አለ እፎይ ብሎ። «እሺ በይው፣ ፀደይ። እኔ ሁሌም እሺ ነው የምለው።»

የእማማ እጅጋየሁ እጅ ወደ ሶኬቱ ተመለሰ።

ፀደይ ግን እሺ አላለችም። ጎንበስ ብላ ቃል በቃል አነበበች። «የድሮውን የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ላጥፋው ወይ ነው የሚለው።»

«አርጅቷል። ቦታ ይዞ ያዘገይብሻል።»

«የአቶ ኦይታ ጽሑፍ በእሱ ነው የተጻፈው። አዲሱ ይከፍተዋል?»

ዳግም አንገቱን አከከ። «ጽሑፉማ አይጠፋም... የሚያነበው ነው የሚጠፋው። መላ ይፈለግለታል።»

«እንግዲያው መላው ሲገኝ እናጠፋዋለን። አሁን ይቆይ።»

«ይንቀራፈፍብሻል ብያለሁ።»

«ይንቀራፈፋ!»

እምቢታዋን በጣቷ ተጫነች። ማሽኑ ጥርሱን ማፋጨቱን ቀጠለ።

እማማ እጅጋየሁ ያንን ጣት ትኩር ብለው አዩት። ልጅቷን ከማሽኑም ከሰውየውም ሲጠብቋት ውለዋል፤ ለካ አንብባ፣ ጠይቃ እምቢ ማለት ታውቅበታለች። እጃቸውን ከሶኬቱ ሰበሰቡ። ወገባቸውን ይዘው ተነሡ፤ በርጩማቸውን አንጠልጥለው ከሁለቱ መሃል ወጡ።

«ወዴት ነው እማዬ?»

«ሙቀቱ ከበደኝ። ነፋስ ልቀበል።»

በርጩማውን ደጃፉ ላይ አኖሩት። የአባያ ሐይቅ ነፋስ ጀርባቸውን እየመታቸው፣ ፊታቸውን ወደ ውስጥ አዙረው ተቀመጡ።