አምስት መስመር ማስታወቂያ

የጫማ ፋብሪካው የቦርድ ጸሐፊ ሰኞ ጠዋት ሥራ ስትገባ፣ ሶል ከሚያትሙት ሦስት ማሽኖች ትልቁ ዘንጉ ተሰብሮ ቆሟል። መለዋወጫው ከባሕር ማዶ እስኪመጣ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። ፋብሪካው አክሲዮኑን ለሕዝብ የሸጠ ነውና፣ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመው በአክሲዮን ገበያው በኩል ለሁሉም እኩል ማሳወቅ አለበት። እሷም ማስታወቂያውን አርቅቃ ለሥራ አስኪያጁ አቀረበች።

እሳቸው ወረቀቱን በሁለት ጣት ገፋ አደረጉት። «በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም፣ እህቴ። ማሽኑ ሲጠገን እንናገራለን።»

«እስከዚያ ሌላው ይናገርልናል» አለች። አልሰሟትም።

ረቡዕ «አንድ ማሽን ቆመ» የተባለው ሐሙስ «ሁሉም ቆሙ» ሆነ። ዓርብ ጭራሽ ፋብሪካው ተቃጥሎ አመዱ እየተዛቀ ነው ተባለ። የአክሲዮኑ ዋጋ ቁልቁል ተንደረደረ።

ያን ዕለት ያሳደጓት አጎቷ ደወሉ። የጡረታ ጥሪታቸውን ያፈሰሱት በዚሁ ፋብሪካ አክሲዮን ላይ ነው።

«ልጄ፣ ልሽጥ ወይስ ልተው? አንድ ቃል ብቻ!»

አፏ ላይ የመጣውን መልሳ ዋጠችው። ለእሳቸው ሹክ ብትል፣ ዘመድ የሌለው ባለአክሲዮን ምን ይሁን? «አጎቴ፣ ለሁሉም ሳይነገር ለእርስዎ ብቻ መንገር አልችልም።»

«እኔና ሁሉም አንድ ነን?» ብለው ጆሮዋ ላይ ዘጉባት። ገበያው ሳይዘጋም ግማሹን ሸጡት።

ቅዳሜ ሥራ አስኪያጁ ፀጉር ቤት ገቡ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ፀጉር አስተካካዩ ግማሹን ከርክሞ፣ በመስታወቱ ደጋግሞ ሲያያቸው ቆየና አላስቻለውም። «ጌታዬ፣ እርስዎ ጓዝዎን ጠቅልለው ኮበለሉ አልተባለም እንዴ?»

«ወዴት?»

«እሱን እንኳ የሚያውቅ የለም።»

ፎጣው ከአንገታቸው ሳይወርድ ወደ ጸሐፊዋ ደወሉ። «ያ ወረቀት የት አለ?»

ሰኞ ገበያው ሳይከፈት ማስታወቂያው ወጣ፤ አምስት መስመር ብቻ። የተሰበረው አንድ ማሽን ነው፤ ሁለቱ በትርፍ ሰዓት ጭምር ይሠራሉ፤ ምርቱ ለስድስት ሳምንት በሩብ ይቀንሳል፤ የዓመቱ ትርፍም ያንሳል፤ የተቃጠለ ነገር የለም። ዋጋው እስከ ድሮው ባይደርስም ከወደቀበት ተነሣ። ሥራ አስኪያጁም ብልሽት ሁሉ ለሕዝብ የሚነገር መሆኑ ገባቸው መሰለኝ፣ ለዓመታት ሲያዘገዩት የኖሩትን የማሽን ምርመራ በየወሩ አደረጉት። አንድ ቀን እንዲያውም «የመጸዳጃ ቤቱ ቧንቧ እያንጠባጠበ ነው፣ ይገለጽ?» ብለው ጠይቀዋት በሳቅ ልትሞት ነበር።

አጎቷ ዘንድ ግን ሳቅ የለም። ማስታወቂያው በወጣ ሳምንት እሑድ ስትሄድ በሩን ገርበብ አድርገው ቆሙ።

«በርካሽ አሸጥሽኝ።»

«የእኔም አክሲዮን አብሮ ሲወርድ ዝም ብዬ ነው ያየሁት፣ አጎቴ። ሳልሸጥ፣ ሳልገዛ።»

ይህን አላሰቡትም ነበር። ጥቂት አጉረመረሙና በሩን ለቀቁላት። ፊታቸው እንዳኮረፈ፣ ወንበሩን ግን ራሳቸው ሳቡላት።