ፀሐይ የተሳለባት ቁልፍ

እግዜር እኔን ሲፈጥር ትዕግስት የሚባለውን ነገር ረስቶታል። እናቴም ትለኛለች፣ ተማሪዎቼም ያውቁታል። ኮምፒውተር ጠፍቶ እስኪነሣ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ለኔ እስር ቤት ነው። እግሬ ከጠረጴዛው ሥር ይርገፈገፋል፣ ጥፍሬን እበላለሁ፣ ማሽኑን እሰድበዋለሁ። ታዲያ እንዲህ ያለችውን ጽጌሬዳ ነው እትዬ አገርነሽ "ነይና የመምህርን ኮምፒውተር እዪልን" ብለው ሲቀላ ሰፈር ድረስ የመጡባት።

ሲቀላ ገበያው አጠገብ አንድ ክፍል ተከራይቼ ታይፕና ኮምፒውተር አስተምራለሁ። ጊዜው 1991 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ አርባ ምንጭ ውስጥ ኮምፒውተር የነካ ሁሉ ባለሙያ ይባላል፣ እኔም እባላለሁ። የከሰዓት ተማሪዎቼ ገብተው ተቀምጠዋል። ሌላ ሰው ቢሆን "ነገ" ብዬ እሸኘው ነበር። የእትዬ አገርነሽን ባል ጋሽ ኦይታን ግን እንዴት ብዬ? ፊደል ያስቆጠሩኝ መምህሬ ናቸው። "ሳልመጣ እንዳትበተኑ!" ብዬ ተማሪዎቼ ላይ ጮህኩና ተከተልኳቸው።

"ምን ሆነ ኮምፒውተሩ?" አልኳቸው መንገድ ላይ።

"ጨለመ። መምህር አይታየኝም አለ። እኛም አየነው፤ ጨልሟል" አሉና ኩልፎ ወንዝ ዳር እስክንደርስ ቀድመውኝ ገሰገሱ።

ጋሽ ኦይታ ጡረታ ከወጡ ወዲህ የያዙት ሥራ አንድ ነው፤ የጋሞ ሽማግሌዎችን ምርቃት መጽሐፍ ማድረግ። ከዶርዜ እስከ ቦንኬ በየደጋው ወጥተው፣ ሽማግሌ በሚቀመጥበት በየዱቡሻው ቁጭ ብለው ሰምተዋል። እዚያ ወረቀት አያወጡም፤ "ሰው እስክሪብቶ ሲያይ ምርቃቱ ያጥርበታል" ይላሉ። በቃላቸው ይዘው ይመጡና እቤታቸው ላፕቶፕ ላይ ይጽፉታል። ላፕቶፑን አብሯቸው ያስተምር የነበረ ፈረንጅ አገሩ ሲገባ ነው የተወላቸው። ግማሹ መጽሐፍ ገብቷል፣ ግማሹ ገና ጭንቅላታቸው ውስጥ ነው። ከመረቁት ሽማግሌዎች አብዛኞቹ ሞተዋል። ስለዚህ ያ ግማሽ ከጋሽ ኦይታ ጭንቅላት በቀር የትም የለም። እሳቸውም ይህንን ስለሚያውቁ ማሽኑ እንቢ ካላቸው ቀን ጀምሮ እህል አልበላ ብሏቸዋል።

ቤታቸው ሙዝ ተክል መሐል ነው። ገብቼ ፊት ለፊታቸው ቆምኩ።

"ማነው?" አሉ።

"እኔ ነኛ፣ ጽጌሬዳ! ረሱኝ እንዴ ጋሼ?"

"ልጄ! ጌታ ይባርክሽ። ቤቱ ጨልሞብኝ ነው። ይኼ አምፖልም እንደ ኮምፒውተሩ ደክሟል፣ ለወጥነው፣ ለውጥ የለውም።"

"አዎ፣ አምፖሉ ትንሽ ነው" አልኩ። እውነቱን ለመናገር አምፖሉን ቀና ብዬም አላየሁት። ዓይኔ ላፕቶፑ ላይ ነበር።

ላፕቶፑስ በእርግጥ ጨልሟል። አንገቴን ወዲያ ወዲህ ሳጠማዝዝ ነው ፊደሉ ጥላ ጥላ የሚለው። ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ልጃቸው ሲላስ ቫይረስ ሊያስጠፋለት አዲስ አበባ ወስዶት ነበር፤ እዚያ ዊንዶውሱን ደምስሰው እንደ አዲስ ጫኑለት። ከዚያ ወዲህ ከላይ ካሉት ቁልፎች ትንሽ ፀሐይ የተሳለባቸው ሁለቱ አልታዘዝ ብለዋል። አንዷ ብርሃን ትጨምር፣ አንዷ ትቀንስ ነበር። ብጫናቸው፣ ብደበድባቸው፣ ዝም።

"ድራይቨሩ ጠፍቶ ነው" አልኩ።

"ምንድነው እሱ?" አሉ ጋሽ ኦይታ።

"አስተርጓሚ በሉት። ቁልፏ የምትናገረው የፋብሪካዋን ቋንቋ ነው፣ ዊንዶውስ ደግሞ እሱን አይሰማም። መሐል ገብቶ የሚነግረው ፕሮግራም ከሌለ፣ የላንቴ ገበሬና ከአዲስ አበባ የመጣ ሹም ያለ አስተርጓሚ ቁጭ እንዳሉ ማለት ነው።"

ሳቁ። "ያ ደግሞ ስንት ጊዜ አጋጥሞኛል!"

ፈረንጁ ፍሎፒ ዲስኮቹን በብስኩት ቆርቆሮ አድርጎ ትቶላቸው ነበርና እትዬ አገርነሽ አወጡልኝ። የቁልፎቹ ድራይቨር ያለበትን አገኘሁት። ከተትኩት። ክርርር ማለት ጀመረ። የመጫኛው መስመር እንደ ኤሊ ተጎተተ፣ ግማሽ ደረሰ፣ እኔም ቦርሳዬን ልይዝ እጄን ዘረጋሁ። መብራት ጠፋ! ባትሪው ከሞተ ቆይቷልና ላፕቶፑ አብሮ ድርግም አለ።

"ኧረ በእመብርሃን! አሁን ምን አለበት እስክጨርስ ቢጠብቅ?" አልኩ፤ ጠረጴዛውን በጥፊ መታሁት።

"ይመጣል ልጄ። ተቀመጪ" አሉ ጋሽ ኦይታ።

ተቀመጪ ማለት ለኔ ስድብ ነው። ተነሣሁ፣ ተቀመጥኩ፣ በር ላይ ወጣሁ። ሙቀቱ ያፍናል። ተማሪዎቼ ይኼኔ ወንበር ላይ ቆመው ይጨፍራሉ። እትዬ አገርነሽ ደጅ የሽፈራው ቅጠል ይሸመጥጣሉ። ጋሽ ኦይታ ሊወጡ ሲነሡ እትዬ ቀና ሳይሉ መንገዳቸው ላይ የነበረውን በርጩማ በእግራቸው ገፋ አደረጉላቸው። ጋሽ ኦይታ ግድግዳውን ደገፍ አሉና በጋሞኛ ማጉረምረም ጀመሩ። አንድ ቃል ይላሉ፣ ያቆማሉ፤ እትዬ ከቅጠላቸው ሳይነሡ "አሜን" ይላሉ። እንደገና አንድ ቃል፣ "አሜን"።

"ምን እያደረጋችሁ ነው?" አልኩ።

"እንዳይጠፋብኝ ነው" አሉ ጋሽ ኦይታ። "ምርቃት ለብቻ አይነገርም። የሚቀበለው አፍ ይፈልጋል። ስጽፍ እሷ ከደጅ አሜን ካላለችልኝ ቀጣዩ አይመጣልኝም። ግን ስንት ቀን በአፍ ብቻ ይዤው እዘልቃለሁ? ትናንት አንዱ አመለጠኝ። የቦንኬው ሽማግሌ ስለ ዝናብ ያሉት ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ፈለግኩት፣ የለም።"

ድምፃቸው ውስጥ ፍርሃት ነበር። ቁልፎቹን ዛሬ ሳላስታርቅ አልሄድም አልኩ ለራሴ፤ ተማሪዎቹ ከፈለጉ ጣራውን ያውርዱት!

መብራት መጣ። ሮጬ ገባሁ፣ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። አሁን ደግሞ ፍሎፒው አልነበብ አለ። አወጣሁት፣ ተፋሁበት፣ በቀሚሴ ጠረግኩት፣ መልሼ ከተትኩት። "ብላ! ብላ እንጂ አንተ ግም!" ክርርር። መስመሩ ሄደ፣ ሄደ፣ ደረሰ። አጥፍተህ አብራ አለኝ። አጠፋሁ፣ አበራሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ብዬ ጣቴን ይዤ ጠበቅኩ። ሲነሣ ፀሐይዋን ተጫንኩ።

አረንጓዴ መስመር ስክሪኑ ላይ ብቅ አለች። ደግሜ ተጫንኩ፣ ረዘመች። ስክሪኑ ነጣ፣ አሁንም ነጣ፣ መጨረሻ ላይ ቦግ ሲል ዓይኔን ጨፈንኩ።

"እልልል! ጋሼ፣ ይኸውልዎ!"

ጋሽ ኦይታ መጥተው ተቀመጡ። አንገታቸውን አሰገጉ። አፍንጫቸው ስክሪኑን ሊነካ ትንሽ ቀረው፤ ብርሃኑ ሽበታቸው ላይ ያበራል።

"ገና ነው እንዴ?" አሉ።

እልልታዬ አፌ ውስጥ ቀረ።

"ጨምሪው እንጂ ልጄ።"

መስመሯ ጫፍ ደርሳለች፣ ከዚያ በላይ የለም። እትዬ አገርነሽን ዞሬ አየኋቸው። ከባላቸው ጀርባ ቆመዋል። ያ ሁሉ ብርሃን ፊታቸው ላይ እያረፈ፣ "አዎ፣ ገና ነው። ጨለም ብሏል" አሉ።

ወይ ጉድ! ያኔ ሁሉም ነገር ገባኝ። "ማነው" ያሉኝ፣ አምፖሉ፣ በርጩማው። ለካ ቤቱ በሙሉ ያውቃል! እሳቸው አምፖሉ ደከመ ሲሉ "አዎ" ተብሎ አምፖል ይለወጣል። ኮምፒውተሩ ጨለመ ሲሉ "አዎ" ተብሎ እኔ እጠራለሁ። ለተከበረ ሰው፣ ለመምህር፣ "ዓይንህ ነው" የሚል አንድ ደፋር ጠፋ። እኔ ራሴ ገና ከበር "አዎ፣ አምፖሉ ትንሽ ነው" ብያለሁ። ደሜ ፈላ። በይሉኝታችን ሰውዬውን አስረን ይዘናቸዋል፣ መጽሐፉም አብሮ ሊቀበር ነው።

"ነገ ሌላ ፍሎፒ ይዤ እመጣለሁ" ብዬ እግሬ አውጪኝ ማለት እችል ነበር። እትዬ አገርነሽም በዓይናቸው የሚለምኑኝ ይህንኑ ነው።

"ጋሼ፣ በርቷል" አልኩ። "እስከ መጨረሻው በርቷል።"

"አንቺ ልጅ!" አሉ እትዬ።

"ይተዉኝ እትዬ! እኔን ዓይኔን እስኪያመኝ በርቷል። ጋሼ፣ ጨለማው አሁን ማሽኑ ላይ አይደለም።"

ጋሽ ኦይታ መዳፋቸውን ስክሪኑ ላይ አሳረፉ።

"አገርነሽ" አሉ። "ላንቺ ይታይሻል?"

እትዬ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። "ይታየኛል" አሉ።

"አምፖሉስ?"

"አምፖሉ ደህና ነበር።"

ጋሽ ኦይታ ተነሡና በሩን በእጃቸው ፈልገው ወጡ። ምነው ምላሴን በቆረጠው፣ ማን ዳኛ አደረገኝ እያልኩ በልቤ ራሴን ስረግም ተመልሰው መጡ። ዓይናቸው ረጥቧል።

"ሐኪም ዘንድ እንሄዳለን" አሉ። "እኔም እኮ አልጠፋኝም። አንድ ሰው እስኪለው ነበር የምጠብቀው። ሐኪሙ ግን ዓይኔን ነው የሚያየው፤ እዚህ ውስጥ ያለውን አያይልኝም።" ግንባራቸውን ነኩ። "ተቀመጪ።"

"ጋሼ፣ ተማሪዎቼ..."

"ተቀመጪ አልኩሽ!"

ያ ድምፅ አንደኛ ክፍል ላይ የማውቀው ድምፅ ነው። ተቀመጥኩ።

"ጣትሽም አፍሽም ፈጣን ነው፤ ዛሬ ሁለቱንም እፈልጋቸዋለሁ" አሉና በጋሞኛ አንድ ቃል ተናገሩ። የተጣላ ይታረቅ ማለት ነው። ጻፍኩት። ዝም አሉ። እኔም ጠበቅኩ። አላስቻለኝም።

"ይቀጥሉ እንጂ ጋሼ!"

"በምን ልቀጥል? መላሽ የለኝ።"

"አሜን" አልኩ። ከጀርባዬ እትዬ አገርነሽ ድምፃቸው ተሰብሮ "አሜን" አሉ።

"ዓይኔን ያመኛል አላልሽም?" አሉ ጋሽ ኦይታ።

"ኧረ ይተዉት፣ ምንም አይደል።"

"ቀንሺው ልጄ። ከእንግዲህ የሚበራው ላንቺ ዓይን ነው።"

ያን ሁሉ ሰዓት የተጣላኋትን ቁልፍ ፈልጌ ቀነስኩት። እሳቸው ቀጣዩን ተናገሩ፣ እኔም አሜን ብዬ ጻፍኩ።